የሁዳዴ ዶሮ

ሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ ለሰኚ፤

ያለሽበትን አገር ብርድ እግዚአብሔር ያሳጥርልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ሲፈልግ ይታዘዛል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል።

ስልክ ላይ እኔ "ሃሎ"፣ አንቺ "ሃሎ" ስንባባል መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩትን ፊደል ተማምኜ ጻፍኩ። ወረቀቱን የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የአቶ ላጲሶ ልጅ ናኦሚ ናት። የበረራ አስተናጋጅ ከሆነች ወዲህ ፍራንክፈርትን እንደ መገናኛ ነው የምትመላለስበት።

ነገሬ ስለ ዶሮዎቼ ነው። አባትሽ ሽምብራ የዘራበት መሬት ዛሬ ቪላ በቅሎበታል። የቀረችኝ ይህቺ ጓሮ ናት፤ በጓሮዋም ላይ መቶ አርባ ዶሮዎች። ይህ ቤት የቆመው በእነሱ ነው፤ አንቺም የተማርሽው በእንቁላላቸው ነው። አሁን ሬዲዮው በነጋ በጠባ "የወፍ ጉንፋን ናይጄሪያ ገባ" ይላል። አትላስ አካባቢ ያለው ሆቴል እንቁላሌን መውሰድ አቁሟል። ፎቅ የምታሠራዋ ጎረቤቴ በበሬ ስታልፍ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች። የሲሚንቶዋን አቧራ ዓመት ሙሉ ስውጥ እኔ አንድ ቀን አፍንጫዬን ይዤባታለሁ? በእድሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ "ፋሲካ ሳይደርስ ይቀበሩ" ያለ ሰው አለ። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ጾም ሊገባ ነው።

አንቺ ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ በሽታ አይደል የምትማሪው? እንግዲያው ንገሪኝ። ዶሮዎቼን ላቆይ ወይስ ልቅበር? ከዶሮ ወደ ሰው በየት በኩል ነው የሚገባው? ለፕሮፌሰሮችሽ እንደምትጽፊው ሳይሆን ለእኔ እንደሚገባኝ አድርገሽ ጻፊው።

አክስትሽ ደሪቱ

ፍራንክፈርት፣ አውሮፕላን ማረፊያ
የካቲት 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለአዳዳ ደሪቱ፤

የተያዘውን ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ጸሎትዎም ለእኔ ይትረፍልኝ። ደብዳቤዎን አሁን ከናኦሚ እጅ ተቀበልኩ። አንድ ሰዓት ብቻ ስላላት መልሱን እዚሁ ካፌ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ከትናንት ወዲያ ጉንፋን ይዞኝ በየመስመሩ አስነጥሳለሁ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ከዚያ ነው። አያስቡ፣ ቀላል ነው። ናኦሚን ሳገኛት ስድስት ጊዜ ስሜ "ሦስቱ ያንቺ፣ ሦስቱ የአዳዳ" ብያታለሁ። ካጎደለች ይጠይቋት።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ልጅ ሆኜ ከሽምብራው ማሳ ስመለስ ቀሚሴ ላይ ተለጥፎ የሚመጣውን ጭጎጎት እየነቀሉልኝ ይቆጡኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? ቫይረሱ እንደዚያ ነው። ዙሪያውን እሾህ የመሰሉ ፕሮቲኖች ቆመውበታል፤ እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መያዣ ነው፣ ሌላው መቁረጫ። ሰውነታችን የተሠራባቸው ትንንሾቹ ሴሎች ደግሞ ላያቸው ላይ ከስኳር የተሠሩ ጫፎች አሏቸው። መያዣው ያንን ስኳር ሲያገኝ ጥብቅ ይላል። ከዚያ ሴሉ፣ ይህ የዋህ፣ የሚጠቅመው ነገር የመጣ መስሎት ራሱ ጎድጎድ ብሎ በትንሽ ከረጢት ይውጠዋል። በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው ማለት ነው። ከረጢቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ መያዣው ከታጠፈበት ተፈናጥሮ ይዘረጋና የከረጢቱን ግድግዳ ይወጋል። የቫይረሱና የከረጢቱ ሽፋን አንድ ላይ ይዋሃዳሉ፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ የቫይረሱ ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ሴሉም የራሱን ሥራ ትቶ ቫይረስ ሲያባዛ ይውላል። አዲሶቹ ሲወጡ ያው ስኳር ስለሚይዛቸው መቁረጫው ይቆርጥላቸዋል፤ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

አሁን ስለ ዶሮ። ስኳሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የተያያዘበት ጎን ግን ይለያያል። የዶሮው ቫይረስ የሚፈልገው በዶሮ አንጀት ያለውን ነው፣ የሰው ጉንፋን የሚፈልገው በጉሮሮአችን ያለውን። ስለዚህ የዶሮው በሽታ ሰውን በቀላሉ አይዝም፤ በበርዎ የምታልፈውን ጎረቤት ነጠላዋን ታውርድ ይበሏት። ግን ቢይዝ ክፉ ነው። ስለዚህ ዶሮዎቹ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ አይቅበሯቸው። ክንፏን የጣለች ወይም ያንቀላፋች ካዩ ግን አይንኳት፣ አይረዷት፣ ለማንም አይስጧት። የክፍለ ከተማውን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ይህንን ሦስት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ናኦሚ ሰዓቷን እያየች ነው።

ልጅዎ ሰኚ

ሲኤምሲ፣ የካቲት 30 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰኚ፤

የጌታ ሰላም ከበላይሽ አይራቅ። ናኦሚ እሑድ ጠዋት ከነሻንጣዋ መጀመሪያ እኔ ቤት መጣች። ስሞሹንም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጥራ አስረከበችኝ። ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት!

ደብዳቤሽን አነበብኩ። ያንን የዋህ ሴል በጣም አዘንኩለት፤ እኔን መሰለኝ፣ "ቤት ለእንግዳ" ሲል ጉድ የሚሆነው። ስኳሩን ከተውኩ ይኸው አራት ቀኔ። ሻዩ ሬት ሬት ይለኛል፤ ምላሴ አንቺን ይረግማል፣ እኔ እመልስልሻለሁ። ደግሞ ከረጢቱ ሲኮመጥጥ ነው የሚፈናጠረው ካልሽ፣ ደጅ እያለ ብናኮመጥጠውስ? ቤት ሳይገባ ይፈናጠርና ይረፋ! ብዬ የዶሮዎቹን ቤት በሎሚ አጠብኩት። ገበያ የነበረ ሎሚ አለቀ።

ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ደከም ያላቸው ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው።

ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ሰው እንዲሁ ደከም ያላትን ዶሮ ሳያውቅ ቢበላ፣ በስንት ቀኑ ይታመማል? ወጡ በደንብ ቢፈላስ? ወጣት ሰውን ይበልጥ ይጎዳል ወይስ ሽማግሌን? ለማወቅ ያህል ነው።

ናኦሚ ሥራ ስለበዛባት ይህንን በፖስታ ላክሁት።

አክስትሽ ደሪቱ

ማርቡርግ፣ ጀርመን
መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአዳዳ ደሪቱ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ዛሬ ይህንን ነው የምለምነው፤ ሌላ ሰላምታ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አዳዳ፣ እርስዎ በሕይወትዎ "ለማወቅ ያህል" ጠይቀው አያውቁም። የዝናቡን ሰዓት እንኳ ሲጠይቁ የተሰጣ ብቅል ስላለ ነው። ደብዳቤዎ ቴምብር ተለጥፎበት ሲመጣ ልቤ ደነገጠ። ፍራንክፈርት ሄጄ የናኦሚን የሥራ ጓደኛ ፈልጌ አገኘሁ። "ናኦሚ ሥራ የበዛባት አይደለችም፤ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች" አለችኝ። ይህንን ጓደኛዋ ዛሬ ማታ ስትበር ይዛልዎት ትመጣለች። ዶሮዋን የበሉት እነ አቶ ላጲሶ ናቸው፣ አይደለም? ሁዳዴ ነው፤ እርስዎ አይበሉም፤ እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ይበላሉ። ከማንም አልሰማሁም፣ እርስዎን ስለማውቅ ብቻ ነው።

መልሱን ልስጥዎ። በደንብ የፈላ ወጥ ቫይረሱን ይገድለዋል፤ የበላ ሰው ከዚያ ብዙ አያሰጋውም። የሚያሰጋው ያረደ፣ የነጨ፣ አንጀቷን ያወጣ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ እንዳያስፈራዎ ብዬ ዋጥኩት። የዶሮው ቫይረስ የሚፈልገው ስኳር በጉሮሮአችን ብዙ የለም እንጂ በሳንባችን መጨረሻ፣ እታች፣ አለ። እዚያ ድረስ የሚያስገባው የዶሮ ቤት ውስጥ አጎንብሶ አቧራውን የሚምግ ሰው ነው። ያ ሰው ማነው? እርስዎ ነዎት። በሎሚም ይሁን በሌላ፣ ያንን ቤት ያጠቡት በባዶ እጅ፣ በባዶ አፍንጫ ነው።

ስለ ሎሚው ያሉት ልክ ነው። ከሴል ውጭ ካኮመጠጡት መያዣው ያለጊዜው ተፈናጥሮ ይበላሻል፤ ሁለተኛ አይታጠፍም። ይህንን ጥያቄ እኔ የጠየቅኩት በሦስተኛ ዓመቴ ነው። እርስዎ በአንድ ደብዳቤ ደረሱበት፤ ለፕሮፌሰሬ ነግሬው ስምዎን አስጻፈኝ። ግን ሎሚ ለዶሮ ቤት አይበቃም፣ ሐኪም ይጥሩ። ስኳሩም የሻይ ስኳር አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነው። እባክዎ ሻይዎን ይጠጡ።

ዛሬውኑ ሄደው ለአቶ ላጲሶ ይንገሯቸው። ሐኪሙ ምን በሽታ እንደሚፈልግ ካላወቀ አያገኘውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አባቴን ስድስት ዓመቴ ላይ ቀበርኩ፤ እናቴን ፎቶ ላይ ነው የማውቃት። ያለ እርስዎ ማንም የለኝም። ዶሮዎቹ ይቅሩ!

ሰኚ

ሲኤምሲ፣ መጋቢት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ያች ጓደኛዋ ወረቀትሽን ትናንት ማታ አደረሰችልኝ። እንዳልሽው ነው።

ናኦሚ ደብዳቤሽን ባመጣች ቀን፣ ጠዋት አንዷ ዶሮ ክንፏን ጥላ አየኋት። ብትሞት በክት ናት፣ ለማንም አትሆንም። እኔ ጾም ላይ ነኝ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ እግሯን አስሬ፣ በቅርጫት አድርጌ "ለደብዳቤው ማምጫ፣ ለቤታችሁ ትሁን" ብዬ ለናኦሚ ሰጠኋት። ያንን ካደረግኩ በኋላ ነው ፖስታውን የከፈትኩት። "ለማንም አይስጧት" ይላል። ሮጬ ልመልሳት ስል ደግሞ አሰፋሽ፣ የላጲሶ ሚስት፣ ቅርጫቱን ይዛ መጣች። ባዶውን አልመለሰችም፣ ቆጮ ጨምራበታለች። "እጅዎን ይባርክ፣ ምን የመሰለች ዶሮ ናት!" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? "የሰጠሁሽ በሽታ ነው" ልበላት?

በሦስተኛው ቀን ናኦሚ ወደቀች። ቀጥሎ ላጲሶ፤ ያ ዋርካ የሚያህል ሰውዬ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ በአጥር ይሰማኛል። ትናንት ደግሞ አሰፋሽ። እኔንም ትንሽ ያስለኛል። ዶሮዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሞተዋል፤ ጓሮ ውስጥ ቀበርኳቸው። ብናገር የቀሩትን ሁሉ ያቃጥሉብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ይበልጥ ግን የፈራሁት የአሰፋሽን ፊት ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። ወረቀቱን ፖስታ ቤት አስገብቼ፣ ከዚያው ወደ እነሱ ቤት እሄዳለሁ። ጸልዪልኝ።

ደሪቱ

ማርቡርግ፣ መጋቢት 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ "እኔንም ትንሽ ያስለኛል" የምትለዋን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት አልነግርዎትም። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። እነ ናኦሚም ቤት አይነሳም። ቤተ ሙከራ ገብቼ ያንን መያዣ በመሣሪያ ሳየው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት። እያንዳንዱን እጥፋቱን አውቀዋለሁ፤ ከእርስዎ ደጅ ላነሣው ግን አልችልም።

ብዙ አይጻፉ። "አለሁ" ብቻ ይበሉኝ።

ሰኚ

ሲኤምሲ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰኚ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ! ያለቀሰውን ዓይንሽን ጌታ በደስታ ያብሰው። መጋቢት መጨረሻ ላይ በስልክ "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ የዘጋሁብሽ ሰው ስለነበረብኝ ነው። አሁን ሙሉውን ስሚ፤ ቁጭ ብለሽ።

የዚያን ቀን ገባሁ። ሦስቱም ሳሎን ተኝተዋል፣ ቤቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ይሸታል። በሩ ላይ እንደቆምኩ "የሰጠኋችሁ ዶሮ በሽተኛ ነበረች፤ እያወቅሁ ነው የሰጠኋችሁ" አልኩና እንባዬ ቀደመኝ። ላጲሶ ሚስቱን አየ። አሰፋሽ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"እትዬ ደሪቱ፣ አልበላናትም እኮ።"

"ምን?"

"ጿሚ ሴት በሁዳዴ ጤነኛ ዶሮ ትሰጣለች? ጤነኛ ብትሆን ለፋሲካ ያቆዩዋት ነበር። ገና ቅርጫቱን ስከፍት ነው የገባኝ። በዚያው ዕለት ሞተች፤ ላጲሶ አቮካዶው ሥር ቀበራት።"

"ታዲያ 'ምን የመሰለች ዶሮ' ያልሽኝ?"

"እንዳያፍሩ ብዬ ነዋ! እርስዎ ደግሞ እንዳናፍርብዎ ብለው ይኸው ሁለት ሳምንት ሞላዎት፣ በአጥር እያዩን ሲያለቅሱ።"

ላጲሶ እየሳለ "ሁለት ውሸታሞች" አለ። ሳቀ፤ ሲስቅ ሳሉ ባሰበት።

ግን ካልበሏት ምን ነካቸው? ነካክተዋታል እኮ፤ ፍርሃቴ አልቀነሰም። በማግስቱ ዶክተር ፍስሃን፣ የክፍለ ከተማውን የእንስሳት ሐኪም፣ ራሴ ሄጄ ጠራሁት። አፍንጫውን ሸፍኖ ከጤና ጣቢያ ሰዎች ጋር ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ግንብ ላይ ወጣ። ከዶሮዎቹም ከእኛም ጉሮሮ በጥጥ ወስደው ሄዱ፤ ከቤት እንዳንወጣም ከለከሉን። በሁለቱ ቤት መካከል ያለውን የአጥር ቆርቆሮ ላጲሶ አነሣልን፤ አብረን ታሰርን፣ አብረን ሳልን። ስልኩን ያላነሣሁት እነሱ ቤት ውዬ እያደርኩ ነው፤ የእነሱ ደግሞ ለመንገዱ ሲቆፍሩ ተቆርጦ ነበር። ስንት መንገድ ነው የሚሠሩት! ያች በነጠላ አፍንጫዋን የምትይዘው ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ በየማታው ሽሮ በር ላይ ታስቀምጥልን ነበር። እርግጥ አፍንጫዋን ይዛ።

ውጤቱ በአሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ዶሮዎቹን የፈጃቸው ፈንግል ነው፤ ያው ድሮ የምናውቀው የዶሮ በሽታ። ሃምሳ ስምንቱ ሞቱብኝ። ሰማንያ ሁለቱ ግን አሉ፣ አይቃጠሉም ተባለ። ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ።

ቀጥሎ ዶክተር ፍስሃ የሰዎቹን ወረቀት አነበበ። "እናንተን የያዛችሁ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዶሮ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የመጣው። በየካቲት መጨረሻ ከውጭ አገር የመጣ፣ የሚያስነጥስ ሰው አግኝታችኋል?" አለ።

ናኦሚ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ናኦሚን አየኋት፣ ናኦሚ እኔን አየች። "ሦስቱ የእኔ፣ ሦስቱ የእርስዎ" አለች ቀስ ብላ።

አየሽ አይደል ሳይንቲስቷ! እኔ አንዲት ዶሮ ሰጥቼ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ስድስት ጊዜ ስመሽ ሁለት ቤት አስተኛሽ! የዶሮውን መያዣ ስትጠብቂልኝ የራስሽን በናኦሚ ጉንጭ ላክሽልኝ። ጎኑ ልክ ነው፣ ጉሮሮአችንን በደንብ አግኝቶታል። ላጲሶ "ለሰኚ ንገሯት፣ የምትማረው ትምህርት ደርሶናል፣ ገብቶናልም" ብሎሻል። ፕሮፌሰርሽ የእኔን ስም ሲጽፍ የናኦሚንም ይጨምርበት።

እንዳታለቅሺ። የፋሲካ ለት ሰማንያ ሁለት ከሆኑት ውስጥ ቀይዋን፣ ወፍራሟን መረጥኩ። ዘንድሮ በሰፈሩ ዶሮ የሠራ ሰው የለም፤ ሁሉም ፈርቶ በግ ገዛ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እንዲያይ ጠረጴዛውን ደጅ አወጣሁት። ላጲሶ አረዳት፣ አሰፋሽ ሠራቻት። መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ። ቀጥሎ አሰፋሽ። ቆይቶ ያች ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመች፤ "ሽታው ጥሩ ነው" አለች። አፍንጫዋን አልያዘችም። "ግቢ" አልናት። በማግስቱ አሥራ አንድ ዶሮ ተሸጠ።

ሰኚዬ፣ ክረምት ላይ እመጣለሁ ብለሻል። ጉንፋን ካለብሽ ሰፈሩን እጅ ነሥተሽ እለፊ፤ ማንንም እንዳትስሚ፣ ናኦሚን በተለይ። እኔን ግን ሳሚኝ። የላክሽው ሦስት ብቻ ነበር፤ እሱንም በሰው ጉንጭ ነው ያገኘሁት።

አክስትሽ ደሪቱ